ለአባቴ ካርታ የሚሆን ወረቀት

የሠርግ ጥሪ ሲደርሰኝ መጀመሪያ የማየው ማን ማንን እንደሚያገባ አይደለም። ካርዱን በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ ይዤ አሸዋለሁ፤ ጠርዙን ትንሽ አጠፍ አድርጌ ተመልሶ ይቃና እንደሆነ አያለሁ። ባለፈው አንዲት የሥራ ባልደረባዬ የልጇን ጥሪ ስትሰጠኝ፣ እንኳን ደስ ያለሽ ሳልላት «ይሄ እኮ ውፍረቱ ሦስት መቶ ግራም አይሆንም፣ አታለውሻል» አልኳት። ሠርጉ ላይ ከድምፅ ማጉያው ሥር ነው ያስቀመጠችኝ። እንኳንም አስቀመጠችኝ፣ የእጄን ነው ያገኘሁት።

ይህ ሁሉ የወረቀት እውቀት የመጣብኝ ለአባቴ መጫወቻ ካርታ ላሳትም ብዬ ነው።

አባቴ ኮልፌ ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ ልብስ ሲሰፋ የኖረ ሰው ነው። ክር ከመርፌ ቀዳዳ ማግባት ሲያቅተው ሱቁን ዘጋ። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው አለን፤ የሄደው አይመለስም፣ የቀረውን በጠብታ እንጠብቀው አለን። አባቴ ጠብታውን ይጨምራል፤ ስለ ዓይኑ ግን ወሬ አይፈልግም። ጋዜጣ ማንበብ ሲተው «ምን አዲስ ነገር አለና!» አለ። መንገድ ላይ ሰላም የሚለውን ሰው በድምፁ እስኪለየው ድረስ «ኧረ አንተ ሰው፣ ምነው እንዲህ ጠፋህ?» እያለ ጊዜ ይገዛል። ትናንት አብሮት የዋለው ሰው ሳይቀር ጠፋህ ስለተባለ ይቅርታ ይጠይቃል።

የቀረችው ቅዳሜ ነበረች። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ የአጥር ጎረቤታችን ይመጣል። ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። በስም ሲጠራሩ ሰምቼ አላውቅም፤ አባቴ «አንተ ሹፌር» ይለዋል፣ እሱም «አንተ ሰፊ» ይለዋል። ኮንከር ይጫወታሉ። አንድ ዓይነት ቁጥር ወይም ተከታታይ ቁጥር እየሰበሰቡ፣ የማይጠቅመውን እየጣሉ፣ ቀድሞ የሞላለት የሚያሸንፍበት የካርታ ጨዋታ ነው። በገንዘብ አይጫወቱም። ሹፌሩ «ሃይማኖቴ ይከለክለኛል» ይላል፤ አባቴ ደግሞ «እኔን ስስቴ ይከለክለኛል» ይላል። መያዣቸው ግን ከገንዘብ የከፋ ነው። የተሸነፈው እሁድ ረፋዱ ላይ 18 ማዞሪያ ሄዶ፣ ሽማግሌዎቹ ፀሐይ ከሚሞቁባት ኪዮስክ ፊት ቆሞ፣ ሰው እየሰማው «ትናንት ተገርፌያለሁ» ማለት አለበት።

አባቴ ስንት ቅዳሜ በተከታታይ ተገረፈ። ካርታው አልመጣልኝም እያለ ሲያሳብብ ከረመ። አንድ ቅዳሜ እኔ ባለሁበት «ዘጋሁ!» ብሎ ካርታውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ሦስት ስምንቶች ናቸው ብሎ ነው፤ አንዱ ስምንት ግን ሦስት ነበር። ሹፌሩ ካርታውን አየ፣ እኔን አየኝ፣ ከዚያ ሁሉንም በሁለት እጁ ጠርጎ ቀላቀለው። «ወላሂ ዛሬስ አሸንፈኸኛል» አለ ቀስ ብሎ።

አባቴ ሞኝ አይደለም። ሹፌሩ ሳይሳደብ ተሸንፎ አያውቅም። ጎረቤታችን እንደወጣ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ «ካርታ ሰልችቶኛል፤ ለነገሩ የሥራ ፈት ጨዋታ ነው» አለኝ።

እዚህ ላይ ነው ልቤ ቀጥ ያለው። ሱቁን ሲዘጋ ዝም ብያለሁ፣ ጋዜጣውን ሲተው ዝም ብያለሁ። ቅዳሜን ከተወ ምን ይቀረዋል? እናቴ ካረፈች ወዲህ በዚያ ቤት ሳቅ የሚሰማው ቅዳሜ ብቻ ነበር። እኔ ዓለም ባንክ ሰፈር ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፤ በሳምንት አንዴ፣ ታክሲ ከቀናኝ ሁለቴ እመጣለሁ። በቀረው ቀን ከግድግዳው ጋር ነው የሚቀመጠው። ፈራሁ። እኔ ደግሞ ስፈራ ቁጭ ብዬ የማለቅስ ሴት አይደለሁም፤ የሰው ነገር ላስተካክል ካላልኩ እንቅልፍ አይወስደኝም።

መርካቶን ዞርኩ። ያለው ካርታ ሁሉ ቁጥሩ ጥግ ላይ ተደብቆ የምስር ፍሬ ያክላል። ራሴ አሳትማለሁ አልኩ። መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ ተጥጄ ቁጥሩን ካርታውን እስኪሞላ አሳደግኩት፣ ጥቁሩን ጥቁር፣ ቀዩን ቀይ አደረግኩት። አለቃዬ ከኋላዬ ቆሞ «ሪፖርቱ ነው?» ሲለኝ «ረቂቁ ነው» አልኩት።

ከዚያ ኮልፌ ዋናው መንገድ ላይ ወዳለ አንድ ማተሚያ ቤት ሄድኩ። ባለቤቱ ጎልማሳ ሰው ነው፣ እጅግ ትሑት። «ወፍራም ወረቀት ፈልጌ ነበር» ስለው ፊቱ በራ።

«እንኳን ደስ ያለሽ! መቼ ነው?»

«ሠርግ አይደለም።»

ፊቱ ወዲያው ዳመነ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ውይ፣ ይቅርታ። ነፍስ ይማር። የአርባ ነው ወይስ የሙት ዓመት?» አለኝ።

በእኛ ሰፈር ሰው ወፍራም ወረቀት የሚፈልገው ወይ ሊያገባ ወይ ሞቶበት ነው፤ ሦስተኛ ምክንያት የለም። የመጫወቻ ካርታ ነው ብዬ ስነግረው ግራ ቀኙን አይቶ «ቁማር?» አለ። «አባቴ ነው የሚጫወተው» አልኩ፣ የሚያድነኝ መስሎኝ። «አባትሽ!» አለና ይባስ ብሎ አዘነልኝ።

ቢሆንም ናሙናውን ሁሉ ዘረገፈልኝ። እኔም እጄ ወደ ውዱ ሄደ፤ ያበሻ ነገር፣ ወፍራም ካልሆነ ጥሩ አይመስለንም። ለሙሽራ የሚታተምበትን፣ ብልጭ ብልጭ የሚለውን፣ ሦስት መቶ ሃምሳ ግራሙን መረጥኩ። ታትሞ ተቆርጦ ሲመጣ አንዱ ካርታ ብቻውን ሲያዩት ንጉሥ ነው። ሁሉም አንድ ላይ ሲደረደሩ ግን ብሎኬት ሆኑ። እኔ ራሴ፣ እጀ ጤነኛዋ፣ ልቀላቅላቸው ስሞክር ግማሾቹ ከጠረጴዛው ሥር ገቡ።

ተመልሼ ሄድኩና ሁለት መቶ ግራም አስደረግኩ። የሁለተኛው ጥፋት ከእኔ አይደለም፣ ከሰውየው ደግነት ነው። እኔ አላዘዝኩም፤ እሱ ግን ደንበኛ ሆነሻል ብሎ ምራቂ ሊሰጠኝ ፈለገ። ቲማቲም ሻጭ አንዲት ቲማቲም ትመርቃለች፤ ማተሚያ ቤት ምን ይመርቃል? ላስቲክ! በፊት ለፊታቸው በኩል አንድ በአንድ ላስቲክ አልብሷቸው ጠበቀኝ። «ውኃ አይነካውም፣ ለልጅ ልጅ ይተርፋል» አለኝ ደረቱን ነፍቶ። እቤት እስክደርስ ሁሉም በአንድ ወገን ተኮራምተዋል። ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጣቸው ይወዛወዛሉ። ምራቂ ሰጥቶኝ እንዴት ልቆጣው? አመስግኜ ሦስተኛ አዘዝኩ።

በዚህ ጊዜ ሊቅ ሆኛለሁ። መቶ ሰባ ግራም፣ የማያብለጨልጭ፣ ያለ ላስቲክ፣ ጥጉ ክብ ተደርጎ የተቆረጠ። ጀርባው ላይ ሐረግ ቢጤ እንዲያትምልኝ ፈልጌ ነበር፤ የፊቱና የኋላው ኅትመት እየተዛነፈ አስቸገረው። «ከኋላው ምን ይሠራልሻል? ነጭ ይሁን፣ ንጹሕ ነው» አለኝ። እውነትም ንጹሕ ነው አልኩ። ናሙናውን ያልፈተንኩበት ነገር የለም። አጠፍኩት፣ በላበው እጄ ያዝኩት፣ ሻይ ጠብ አደረግኩበት፣ አንድ ካርታ ለሙከራ ቦርሳዬ ውስጥ ከቁልፍ ጋር ይዤ ዋልኩ። ሰውየው ክንዱን አጣጥፎ ሲያየኝ ቆየና «እኅቴ፣ ይሄን ያህል የምትጨነቂ ከሆነ ቤት ብትገዢ ይሻላል» አለ።

ለአባቴ እውነቱን መናገር አይቻልም። «አንዲት ጓደኛዬ ልትነግድበት ያሳተመችው ነው፣ ሞክሩላትና አስተያየት ስጧት» ብዬ ዋሸሁ። አስተያየት ስጥ የተባለ ሽማግሌ እንቢ አይልም። ሹፌሩ ተጠራ። አባቴ እንደ ልማዱ ብርሃን ካርታው ላይ እንዲያርፍለት ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ ተቀመጠ፣ ሹፌሩ ፊት ለፊቱ።

«ቁጥሩ ይታያል አይደል?» አልኩ፣ እንደ ዘበት።

«ግድግዳ ያክላል!» አለ አባቴ።

የመጀመሪያውን ቅዳሜ ተሸነፈ። በሁለተኛው አሸነፈ። በሦስተኛውም። ከዚያማ ማን ይቻለው! እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በቀጥታ ወደ ኪዮስኳ ነው። ሹፌሩ፣ ያን ሁሉ አገር በከባድ መኪና የዞረ ሰው፣ ባርኔጣውን አውልቆ «ትናንትም ተገርፌያለሁ» ይላል። አባቴ «አልተሰማም» ይላል። ይደግምለታል። አባቴ ሸሚዙን ራሱ እየመረጠ መልበስ ጀመረ፤ ምግቡ ጨው አነሰው በዛ ማለት ጀመረ። እኔም ከእሱ አልተሻልኩም። ለማገኘው ሰው ሁሉ ስለ ወረቀት አወራለሁ፤ ቢሮ ውስጥ ሳልፍ ሰው ስልክ የሚያናግር ይመስላል። ጓዳ ሆኜ ሁለቱ ሽማግሌዎች ሲንሾካሾኩ እሰማለሁ፣ ስገባ ዝም ይላሉ። ስለ እኔ የሚያሙ መስሎኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ መቼም በመልካም ነው የሚያነሱኝ ብዬ።

አንድ ቅዳሜ ሻይ ይዤ ገባሁና ከሹፌሩ ወንበር ጀርባ አለፍኩ። ፀሐይዋ በመስኮቱ ሙሉ ገብታ የአባቴ እጅ ላይ ወድቃለች። ቀና ስል የአባቴ ካርታዎች በሙሉ በነጩ ጀርባቸው በኩል ወለል ብለው ይታያሉ። ሰባት፣ ሰባት፣ ዘጠኝ፣ ቀይ ልብ፣ ሁሉም፣ ግልብጣቸውን።

በስማም! ያን ሁሉ ወረቀት ሳሽ፣ ሳጥፍ፣ ሻይ ሳጠጣ፣ አንድ ቀን እንኳ ወደ ብርሃን አንስቼ አላየሁም።

ደሜ ፈላ። መጀመሪያ የመጣልኝ ሹፌሩ ያጭበረብራል የሚል ነው። ዓይኑ ያልታመመው ሰው ዓይኑ የታመመውን ሰው ካርታ እያየ! ሻዩን ጠረጴዛው ላይ ደቅ አድርጌ ወጣሁ። ጓዳ ገብቼ ሳስበው ግን ነገሩ አልገጥም አለኝ። የሰው ካርታ እያየ በየሳምንቱ የሚገረፍ አጭበርባሪ የት አለ? ከዚያ ገባኝ፤ ገባኝ ብዬ ነው መቼም። አዝኖለት ሆን ብሎ እየተሸነፈለት ነው። ይሄኛው ይባስ አንገበገበኝ። አባቴ ሸሚዝ መርጦ የሚለብሰው፣ ኪዮስኳ ፊት የሚንጎራደደው፣ ሰው በሰጠው ምጽዋት ነው ማለት ነው። አንድ ቀን ቢያውቅ ቅስሙ ይሰበራል።

ሹፌሩ ሲወጣ እስከ በሩ ሸኘሁት።

«ጋሼ፣ የአባዬ ካርታ ይታይዎታል አይደል?»

ቆም ብሎ ጫማውን አየ። «ዓይኔ ደህና ነው ልጄ፣ ምን ላድርግ? ልጨፍን?»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ተይው ይሄን ነገር» አለኝ። «ወላሂ፣ እንዳለ ተይው።»

ሌላ ሰው ቢሆን ይተወው ነበር። እኔ ሰኞ ማተሚያ ቤት ነኝ። ብርሃን የማያሳልፍ ወረቀት አልኩት። ሰውየው እንደኔው ተማርሮ ይሁን ጨዋታው ጥሞት እንጃ፣ ጀርባው ጥቁር የሆነ ወረቀት ከየት እንደሆነ እንጃ አገኘልኝ። ፀሐይ ላይ ይዤ አየሁት፣ አምፖል ላይ ይዤ አየሁት፣ በስልክ መብራት ሞከርኩት። ምንም አያሳይም። የድሮዎቹን ነጫጮች ደግሞ ማንም እንዳያገኛቸው ቀዳድጄ ጣልኳቸው። ሥራዬን የምሠራው እስከ ጥግ ነው።

ቅዳሜ አዲሶቹን ሰጠኋቸው። ጓደኛዬ አሻሽላ አሳተመችው አልኩ። አባቴ በመዳፉ ዳበሰው፣ «ይሄስ ጥሩ ጨርቅ ነው» ብሎ ሳቀ፤ ቀላቅሎ አደለ። እኔም በድል አድራጊነት ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ።

ጨዋታው አልጀመረም። ሹፌሩ የአባቴን ካርታዎች ጥቁር ጀርባ አፍጥጦ ያያል። አባቴ ካርታውን እንደ ማራገቢያ ዘርግቶ ይጠብቃል። «በል እንጂ ሹፌር» አለ። ሹፌሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «በል» አለ አባቴ እንደገና፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። ሹፌሩ ወደ እኔ ቀና አለ፤ እንደዚያ ዓይነት ፊት አይቼበት አላውቅም።

ያኔ ነው የአባቴን እጅ ልብ ብዬ ያየሁት። ከያዛቸው ካርታዎች ውስጥ ሁለቱ ዞረዋል፤ ቁጥራቸው ወደ ሹፌሩ፣ ጥቁር ጀርባቸው ወደ አባቴ። አባቴ ደግሞ አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ ቅንድቡን ሰብስቦ፣ ያን ጥቁር ወረቀት እንደሚያነብ ሰው ትኩር ብሎ ይመለከተዋል።

«አባዬ» አልኩ።

ሹፌሩ «ንገራት እንጂ ሰፊ፣ ልጅህ እኮ ናት» አለው።

አባቴ ካርታዎቹን ሰብስቦ ጠረጴዛው ላይ ደፋቸው። «እሱ በጀርባው በኩል እያየ በሹክሹክታ ያነብልኛል» አለኝ፣ ወደ ድምፄ አቅጣጫ ዞሮ። «እኔ በጭንቅላቴ እይዛለሁ። የትኛው እንደሚጣል የማስበው እኔ ነኝ። ያሸነፍኩትን በሐቅ ነው ያሸነፍኩት።»

«በሐቅ ነው!» አለ ሹፌሩ ተሽቀዳድሞ። «ለእሱ ሳነብ ለእሱ ነው፣ ለራሴ ስጫወት አላየሁም ብያለሁ። እየሰማሁት ነው የሚገርፈኝ!»

«ከመቼ ጀምሮ ነው አባዬ?»

«ካርታውን ካመጣሽልን ከሁለተኛው ቅዳሜ ጀምሮ» አለ። የተደፉትን ካርታዎች ዳበስ አድርጎ «ቁጥሩ ትልቅ ነው አይደል? ይሄ ነግሮኛል። በጣም ትልቅ ነው ብሎኛል» አለኝ።

ቁጥሩን አንድም ቀን አላየውም ማለት ነው። እኔ ወረቀት ሳሽ እሱ ብርሃኑ አልቆ ነበር። ካርታውን ገልብጦ ለሹፌሩ ቢያሳየው ሊያነብለት ይችል ነበር፤ ግን ካርታውን ለተጋጣሚው ያሳየ ሰው ተጫዋች አይደለም፣ አባቴም እንደዚያ ሆኖ አይቀመጥም። ያ የሳሳ፣ ያ የተበላሸ፣ ያ ያፈርኩበት ወረቀት ነው አባቴን ካርታውን ወደ ራሱ ይዞ እንደ ሰው ያስቀመጠው። እኔ ደግሞ ቀዳድጄ ጣልኩት። ጓዳ ገባሁና አለቀስኩ፤ አላለቅስም ያልኩት ውሸቴን ነው።

ስመለስ አባቴ «የድሮዎቹን አምጪልን» አለኝ። የሉም ማለት አቃተኝ። «ጓደኛዬ ጋ ናቸው፣ ለሚቀጥለው ቅዳሜ አመጣለሁ» አልኩ።

ሹፌሩን ስሸኘው በሩ ላይ ቆመ። ይቆጣኛል ብዬ ስጠብቅ ባርኔጣውን ሲያስተካክል ቆየ።

«ስታሳትሚ» አለኝ፣ ወደ ቤቱ መለስ ብሎ አባቴ አለመስማቱን ካረጋገጠ በኋላ፣ «ትንሽ ሳሳ ይበል። የእኔም ዓይን እኮ ሰሞኑን...» አለና ሳይጨርሰው ሄደ።

ሰኞ ማተሚያ ቤቱ ስገባ ሰውየው ሲያየኝ ከመቀመጫው ተነሳ። መቶ ሰባ ግራም፣ ጀርባው ነጭ አልኩት።

«ያንን? እሱ እኮ ያሳያል ብለሽ አንቺው ነሽ የተውሽው!»

«አውቃለሁ» አልኩት። «ከእሱም የሳሳ አለህ?»